ጠርሙሱ ከመዘጋቱ በፊት

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መሰባሰቢያ ላይ ሆሳዕና የቀረበ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው «ከተማርከው ውስጥ ለሕዝቡ የሚጠቅም አንድ ነገር ይዘህ ና፤ ሃያ ደቂቃ አለህ» ሲለኝ፣ «ስለ ጠርሙስ መፈንዳት ልናገር» ብዬ መለስኩ። እነሱም ሳቁ፤ እናንተም አሁን እየሳቃችሁ ነው። ግድ የለም፣ ሳቁ። ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ሰው ሲያስቅ ብርቅ ነው።

ጉዳዩ ግን ከሳቅ ያለፈ ነው። ጠጅ፣ ጠላ፣ ብርዝና ቀሪቦ በየቤታችን ድሮም ነበሩ። አዲሱ ነገር መያዣው ነው። ጋኑ ቀረና የቢራ ጠርሙስ መጣ፤ ቅሉ ቀረና ሃይላንድና ጀሪካን መጣ። ዛሬ በሆሳዕናም፣ በዱራሜም፣ በሾኔም፣ በሺንሺቾም ለሠርግ፣ ለበዓልና ለሱቅ የሚሆን የቤት መጠጥ ቆርኪ ተመትቶበት ወይም ክዳኑ ጠብቆ ሲቀመጥ ታያላችሁ።

በዚህ አዳራሽ አልኮል የማይቀምሱ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። በሀድያና በከምባታ ከተሞች ከጠጅ ይልቅ ብርዝና ቀሪቦ የሚቀርብበት ሠርግ ብዙ ነው። እኔ ጠጡ ልላችሁ አልመጣሁም፤ አትጠጡም ልላችሁ አልመጣሁም። ጠርሙሱ ግን የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም። ስኳርና ሕያው እርሾ አንድ ላይ ከተዘጉበት፣ ጠጅ ሆነ ቀሪቦ፣ ይፈነዳል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከእኛው ምሩቃን ሁለት ልጆች ሥራ ፈልገው ሲያጡ ብርዝ በጠርሙስ እያሸጉ መሸጥ ጀመሩ። ስማቸውን አልጠራም። ማሩን ከገበሬ እጅ ገዙ፤ ጠርሙሱን በፈላ ውሃ አጠቡ፤ የቆርኪ መምቻ ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ የሚያምር ምልክት አሳተሙ። ሆሳዕና ሦስት ሱቅ፣ ዱራሜ ሁለት ሱቅ ተቀበላቸው። ለአሥር ቀን ገበያው ሞቀላቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን ዱራሜ ያለው አንደኛው ሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ ፈነዳ። ስብርባሪው አጠገቡ ያሉትን መታቸው፤ ሁለቱ ተከታትለው ፈነዱ። ሱቁን የምትጠብቀው ልጅ ቅንድቧ ላይ ተሰፋች። አንድ ጣት ዝቅ ቢል ኖሮ ዓይኗ ነበር። በዚያው ሳምንት አምስቱም ሱቆች ዕቃውን መለሱ፤ የስድስት ወር ልፋት ባዶ ሆነ።

ልጆቹ እኔ ዘንድ ሲመጡ «ደካማ ጠርሙስ ሸጠውልን ነው» አሉ። ከተመለሱት ውስጥ አንዱን አንድ ቀን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ አቀዘቀዝነውና በወፍራም ፎጣ ጠቅልለን ከፈትነው። ግማሹ አረፋ ሆኖ ወጣ። የቀረውን ቀመስነው። አሁንም ጣፋጭ ነው! ነገሩን ሁሉ የነገረን ያ ጣፋጭነት ነው። ያን ሁሉ ጋዝ ከሠራ በኋላ እንኳን እርሾው ገና የሚበላው ስኳር ነበረው። ጠርሙሱ ጤነኛ ነበር፤ የተዘጋው ግን ሥራው ሳያልቅ ነው። ዛሬ ከእኔ ንግግር አንድ ነገር ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ጠርሙስ የሚዘጋው ውስጡ ያለው ሥራ ማለቁ ወይም መቆሙ ሲረጋገጥ ነው።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራ። እርሾ ስኳር ሲበላ ሁለት ነገር ያወጣል፤ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ እንደምታስታውሱት 180 ግራም ግሉኮስ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ጋዝ ይሰጣል። ከስኳሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ጋዝ ሆነ ማለት ነው። በተራ ቋንቋ፣ አንድ ግራም ስኳር ሩብ ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አንድ ኪሎ ማር በሦስት ሊትር ውሃ በረዝን እንበል። ማር ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ከ200 ግራም በላይ ስኳር አለ። ይህ ሁሉ ቢፈላ አንድ ሊትር ጠጅ 50 ሊትር ያህል ጋዝ ተንፍሷል ማለት ነው። ሃምሳ ሊትር! ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል።

ጠርሙስ ከዚህ ውስጥ ስንቱን ይችላል? የፋብሪካ ቢራ በአንድ ሊትር ውስጥ ሁለት ተኩል ሊትር ያህል ጋዝ ሟሙቶ ይዟል። ይህ በ20 ዲግሪ ሙቀት ጠርሙሱን ከውስጥ በ2 ባር ያህል ይገፋዋል፤ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ብዙም አይርቅም። የቢራ ጠርሙስ ለዚህና ከዚህ ትንሽ ከፍ ለሚል ግፊት የተሠራ ነው። ከጠጃችን ስኳር 5 በመቶው ብቻ ሳይፈላ ቀርቶ ጠርሙሱ ውስጥ ቢፈላ የቢራውን ያህል ጋዝ ይሰጠናል። 10 በመቶው ቢቀር ግፊቱ ወደ 5 ባር ይወጣል። ልጆቹ ያሸጉት ብርዝ ገና የጥቂት ቀን ስለነበር የቀረው ስኳር 10 በመቶ ሳይሆን አብዛኛው ነበር። እንግዲህ ከአምስት ሱቅ ሦስት ጠርሙስ ብቻ መፈንዳቱ ዕድል ነው።

እዚህ ላይ ለእናቶቻችን ክብር ልስጥ። እነሱ ይህን ስሌት በወረቀት አልሠሩትም፤ ዕቃቸው ግን ያውቀው ነበር። ጠጅ የተጣለበት ጋን አፉ ላይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ ጋዙ በጨርቁ ውስጥ ይወጣል። የጠላ ጋን በጭቃ ሲመረግ እንኳን፣ ግፊት ቢበዛ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ምርጊቱ ነው። ቅል በእንሰት ቅጠል ቢወተፍ ውታፉ ይወረወራል እንጂ ቅሉ አይሰበርም። ኮጯችንም በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ መተንፈሻ አያጣም። የሁሉም መርህ አንድ ነው፤ ጉልበት ሲበዛ ክዳኑ ቀድሞ እጁን ይስጥ። መሐንዲሶቻችን በእንፋሎት ማብሰያ ድስት ላይ የሚገጥሙት መተንፈሻም ይኸው ነው።

ቆርኪ ስናመጣ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጥነው። አሁን ጠንካራው ክዳኑ ሆነ፤ ደካማው ጠርሙሱ ራሱ። አጣጣሉን ከእናቶቻችን ወረስን፤ መተንፈሻውን ግን ጋኑ ጋር ትተነው መጣን።

በኛ አካባቢ ነገሩን የሚያባብስ ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ብርዱ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በነሐሴ ሌሊት የቤቱ ሙቀት ሲወርድ እርሾው ያንቀላፋል። አረፋው ይጠፋል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ከላይ ይጠራል። ባለቤቱ «በቃ፣ በሰለ» ይላል። አልበሰለም፣ ተኝቷል እኮ!

ለያሆዴ ወይም ለመሳላ ተብሎ በክረምቱ መጨረሻ የተጣለ ጠጅ በመስቀል ሰሞን ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ ልጅ ሲመለስ «ይህቺን ለጓደኞችህ» ተብሎ አራት ጠርሙስ ሻንጣው ውስጥ ይከተትለታል። አውቶቡሱ ውስጥ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። አንደኛ፣ የተኛው እርሾ ነቅቶ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ሞቅ ያለ ፈሳሽ ጋዝ መያዝ ስለማይችል የሟሟው ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ይገፋል። በ20 ዲግሪ 2 ባር የነበረው፣ እርሾው ምንም ባይሠራ እንኳን፣ በ30 ዲግሪ ወደ 3 ባር ይጠጋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለሳምንት ጸጥ ብሎ የቆየ ጠርሙስ መንገድ ላይ ቢፈነዳ «ምን ነካው?» አትበሉ። የነካው ሙቀት ነው።

ፍሪጅም እንደዚሁ ነው። ፍሪጅ እርሾን ያስተኛል እንጂ አይገድለውም። መብራት ሄዶ አንድ ቀን ሙሉ ሳይመጣ ከቀረ የፍሪጁ ውስጥ ቀሪቦ ካቆመበት ይቀጥላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት መንገድ አለ፤ ማስጨረስ፣ ማስቆም፣ ማስተንፈስ። ከሦስቱ አንዱን ሳይመርጥ ቆርኪ የሚመታ ሰው ዕጣ እየጣለ ነው።

የመጀመሪያው ማስጨረስ ነው። ይህ ለደረቅ ጠጅና እቤታቸው ቢራ ለሚሞክሩ ይሆናል። ስኳሩ ማለቁን ዓይንም፣ ጆሮም፣ ምላስም በትክክል አይነግረንም፤ ሃይድሮሜትር ይነግረናል። ሃይድሮሜትር ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ ቀጭን የመስታወት መለኪያ ነው፤ ፈሳሹ ስኳር በበዛበት ቁጥር ከፍ ብሎ ይቆማል። ያ ከላይ ያሰላነው ብርዝ ሲጀምር 1.080 አካባቢ ያነባል፤ ሙሉ በሙሉ ሲፈላ 1.000 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ንባቡ ሦስት ቀን በተከታታይ ካልተነቃነቀ መጨረሱን መገመት ይቻላል። ልብ በሉ፣ «መገመት» ነው ያልኩት፤ ምክንያቱም በኛ ብርድ ሦስት ቀን መተኛትም አለ።

ስለዚህ አንድ ፈተና ጨምሩበት። ከመጠጡ ግማሽ ሊትር በንጹሕ ዕቃ ቅዱ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ጨምሩበት፤ 25 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ክዳኑን ሳታጠብቁ፣ ለአራት ቀን አቆዩት። ከዚያ ሁለቱን ለኩ። የሞቀው ንባብ ከዋናው ዕቃ ንባብ ካነሰ ዋናው አላለቀም፤ ተኝቷል። ልዩነቱም ምን ያህል ጋዝ እንደቀረ ይነግራችኋል። በንባቡ ላይ የ0.001 መውረድ በአንድ ሊትር ግማሽ ሊትር ያህል ጋዝ ማለት ነው። ከታሸገ በኋላ 0.005 የሚወርድ መጠጥ የቢራን ያህል ጋዝ ይሠራል፤ 0.010 የሚወርድ ደግሞ ጠርሙስ ይሰብራል።

የወተት ማኅበራት የሚጠቀሙበት ላክቶሜትር ለዚህ አይሆንም። የተሠራው ለወተት ስለሆነ ጠጁ እያለቀ ሲሄድ ንባቡ ከቁጥሮቹ ውጭ ይወርዳል።

ካለቀ በኋላ «ትንሽ ጋዝ ይኑረው» የሚል ካለ፣ ስኳር በሚዛን ይጨመራል፤ ለአንድ ሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም። ለ20 ሊትር ከ120 እስከ 160 ግራም ማለት ነው። ስኳሩን በጥቂት የፈላ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ከሙሉው መጠጥ ጋር ቀስ ብላችሁ አዋህዱና ከዚያ ወደ ጠርሙስ ቅዱ። በየጠርሙሱ «አንድ አንድ ማንኪያ» እያሉ መጨመር ይቅር። የአንዷ እናት ማንኪያ 4 ግራም፣ የሌላዋ 8 ግራም ነው፤ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ያ ልዩነት ብዙ ነው።

ስለ ጠላ ለብቻው አንድ ቃል። ጠላ ውስጥ ከብቅሉና ከእህሉ የመጣ ስታርችና ስብርባሪው ይቀራል። ብቅሉ ራሱ ስታርችን ወደ ስኳር መቀየሩን ሊቀጥል ይችላል፤ ከዕቃውና ከአየሩ የገቡ ሌሎች እርሾዎችና ባክቴሪያዎችም የተለመደው እርሾ የማይነካውን ቀስ ብለው ይበላሉ። ስለዚህ ዛሬ ያለቀ የሚመስል ጠላ ከወር በኋላ ጋዝ ሊሠራ ይችላል። እንስራን በወይራ ማጠን ለሸክላው መልካም ነው፤ ላስቲክ ጀሪካንን ግን አያጸዳውም። ጠላን በቆርኪ መዝጋት አልመክርም፤ ጠላ በጋኑ ያምርበታል።

ሁለተኛው ማስቆም ነው። ይህ ጣፋጭ ሆኖ እንዲቀር ለምንፈልገው፣ ለብርዝ ነው። መንገዱ ሙቀት ነው፤ ብርዙ ግን ጋዝ ያልያዘ፣ ማለትም ገና ያልፈላ መሆን አለበት። ጠርሙሶቹን ከሥሩ ጨርቅ በተነጠፈበት ድስት ውስጥ አቁሙ፤ ውሃው እስከ አንገታቸው ይድረስ፤ ክዳናቸው ላላ ብሎ ይቀመጥ። ቀስ እያላችሁ አሙቁ። የአንዱ ጠርሙስ መሃል በቴርሞሜትር 65 ዲግሪ ሲደርስ 20 ደቂቃ አቆዩት፤ ከዚያ ወዲያውኑ ዝጉ። እርሾው ሞቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ጋዝ የያዘና የተዘጋ ጠርሙስ በምንም ዓይነት እሳት ላይ እንዳታስቀምጡ። መድኃኒቱ ራሱ ቦምብ ይሆናል።

ሦስተኛው ማስተንፈስ ነው። ቀሪቦ የተጠበሰ ገብስ፣ ስኳርና የዳቦ እርሾ ነው፤ ማታ ተጥሎ በማግስቱ ይጠጣል። ስኳሩ ሳያልቅ የሚጠጣ በመሆኑ ጨርሶ መዘጋት የለበትም። ለሠርግ በጀሪካን የምታስቀምጡ ክዳኑን ብሱና ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ለምሳሌ አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ፣ አስገብታችሁ ዙሪያውን ድፈኑ፤ የቱቦውን ጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሩት። ጋዙ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ አየርና ዝንብ ግን አይገቡም። ይህን ያህል ቀላል ነው።

አሁን ስለ ጠርሙሱ ራሱ። የአረቄ፣ የውስኪና ጋዝ የሌለው የወይን ጠጅ ጠርሙስ ለግፊት አልተሠራም፤ ወፍራም ቢመስልም አትመኑት። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ይሻላል፤ እሱንም አፉንና ቂጡን በብርሃን እያያችሁ፣ የተፈገፈገና የተሸረፈ ካለ አስወግዱ። ከላስቲክም የውሃ ሃይላንድ ስስ ነው። የለስላሳ መጠጥ ላስቲክ ሥሩ አምስት እግር ያለው፣ ወፈር ያለው፣ ለጋዝ የተሠራ ነው። ላስቲክ ደግሞ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ከመፈንዳቱ በፊት ይነግራችኋል።

ይህን ጠባዩን እንጠቀምበት። ሃያ የመስታወት ጠርሙስ ስታሽጉ፣ አንድ የለስላሳ ላስቲክ ከዚያው መጠጥ ሞልታችሁ አጠገባቸው አስቀምጡ። እኔ «ምስክሩ» እለዋለሁ። በየቀኑ ጨመቅ አድርጉት። የሚታጠፍ ከሆነ ደህና ነው። ከሱቅ እንደመጣ ያልተከፈተ ለስላሳ ከጠነከረ፣ ሁሉንም ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ውሰዱ። ከዚያም አልፎ ሥሩ ከተነፋ የመስታወቶቹም ሁኔታ ያው ነው፤ ጊዜ የላችሁም።

ያን ጊዜ ጠርሙስ በባዶ እጅ አይነሳም። ልጆችን ከቤቱ አስወጡ። በጠርሙሶቹ ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ ወይም ድርብ ጆንያ ከሩቁ ጣል አድርጉ፤ ክፍሉ ይቀዝቅዝ፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ተዉት፤ ሌሊቱ እዚህ አገር ለዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ የዓይን መከላከያ መነጽርና ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ፣ አንድ በአንድ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ክፈቱ። መነጽር ከሌለ አትንኩት። ጠጅ እንደገና ይጣላል፤ ዓይን ግን አይገዛም።

«ይህ የኛ ኋላ ቀርነት ነው» የሚል እንዳይኖር ደግሞ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልጨምር። በፈረንሳይ ሻምፓኝ የሚባለው አካባቢ ዛሬ በዓለም የታወቀውን መጠጥ የሚሠሩ ሰዎች ለብዙ ዘመን ጓዳቸው የጦር ሜዳ ነበር። አንዱ ጠርሙስ ሲፈነዳ ጎረቤቱን እየቀሰቀሰ ከክምችቱ ብዙው ይጠፋ ነበር፤ ሠራተኞቹ ወደ ምድር ቤቱ የሚወርዱት የብረት ጭምብል አድርገው ነበር። ምክንያቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው። የዚያ አገር ክረምት እርሾውን ያስተኛዋል፤ በጸደይ ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሻሎን በተባለች ከተማ የሚኖር ፍራንስዋ የተባለ ፋርማሲስት፣ በወይኑ ውስጥ የቀረውን ስኳር ለክቶ ምን ያህል ብቻ መጨመር እንዳለበት የሚያሳይ ዘዴ አወጣ። የጠርሙሱ ጥንካሬም ከጊዜ ወደ ጊዜ ተሻሻለ። ዛሬ እዚያ ለሁለተኛው ፍላት የሚጨመረው ስኳር በሊትር 24 ግራም ያህል ነው፤ 6 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ጠርሙሱም ይህን እንዲችል ወፍራም ሆኖ ይሠራል። ጭምብሉን ከሠራተኛው ፊት ለማውረድ መንገድ የከፈተው ያ ልኬት ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስና በአንድ ጥያቄ ልጨርስ።

ያ ዱራሜ ያለው ባለሱቅ፣ ልጆቹ ይቅርታ ሊጠይቁት ሲሄዱ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ቡና አፍልቶ ተቀበለን። «ጋሼ፣ ሁለተኛ አትቀበለንም ማለት ነው?» አለው አንደኛው ልጅ። ሰውዬው ጥቂት አሰበና «ልጄ፣ ማራችሁ ጥሩ ነው፤ ሰውም ይጠይቀኛል። ግን የለካው ሰው እነማን እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት ካላየሁ መደርደሪያዬ ላይ አላወጣም» አለ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የጥራት መመሪያ አልሰማሁም።

ልጆቹ እንደገና ሊጀምሩ ነው። ብርዙን በሙቀት ያስቆማሉ፤ ምስክር ላስቲክ ከእያንዳንዱ ዙር ያስቀምጣሉ። የቀራቸው የሚለካላቸውና የሚፈርምላቸው ነው። በዞኖቻችን እንደነሱ ያሉ ብዙ ወጣቶች፣ ከነሱም በላይ በጠጅና በብርዝ ልጅ ያሳደጉ ብዙ እናቶች አሉ። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲያችንና ከማኅበራችን የምጠይቀው ይህን ነው። ከቤተ ሙከራዎቻችን አንዱ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለከተማው ሰው ይከፈት። ሃይድሮሜትር፣ ቴርሞሜትርና ትንሽ ሚዛን ይቀመጥበት፤ ይህን ከዚህ አዳራሽ መዋጮ ማሟላት እንችላለን። አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች የሚመጣውን መጠጥ ለክተው፣ አልቋል ወይም አላለቀም ብለው ቀንና ስም ጽፈው ይስጡ።

ለተማሪዎቹም የሚያድግ ሥራ አለው። ጠጅ የሚፈላው ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው በሚመጣ የተፈጥሮ እርሾ በመሆኑ ከቤት ቤት፣ እዚያው ቤትም ከዙር ዙር ይለያያል። በሆሳዕና የክረምት ሙቀት አንድ ጋን ጠጅ ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈልጋል? በበጋስ? በሾኔ ሙቀትስ? ይህን በሁለት ዓመት ልኬት መልሰን በአማርኛ፣ በሀድይሳና በከምባትሳ በአንድ ገጽ ብናትመው በየጓዳው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል። ከመደርደሪያ ወርደው የማያውቁ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች አሉንና አንዱ እንኳን ጓዳ ይግባ።

መመዝገቢያው ወረቀት ከአዳራሹ መውጫ ጠረጴዛ ላይ ነው። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ጊዜ ያለው ጊዜ ይጻፍ።